ከጎርፍ የተረፈው በር

በጀት ሠርቶ የማያውቅ ሰው በጀት በስሌት የሚሠራ ይመስለዋል። እኔ በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የበጀት ጸሐፊ ሆኜ ዓመታት ኖሬበታለሁና ልንገራችሁ፤ በግልበጣ ነው የሚሠራው። ያለፈውን ዓመት ወረቀት ከፊት ታስቀምጣላችሁ፣ ካርቦን ትጨምራላችሁ፣ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ቁጥር ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። አምና ያልነበረ ነገር ዘንድሮ አይኖርም። ለጽሕፈት መሣሪያ ነበረ፣ ይኖራል። ለዘበኛ ካፖርት ነበረ፣ ይኖራል። ድሬ ላይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ያን ወረቀት መጀመሪያ ያረቀቀው ሰው ደገኛ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው፣ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይሸጥበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ዝናቡ የሚጥለው እላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ስለሆነ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እየጠበሰችን፣ ውሃው በአሸዋው ላይ እየተንደረደረ ይደርሳል። ያን ጊዜም በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ምሳውን በልቶ በተኛበት ሰዓት መጣ። ያን ቀን የሞቱትን እዚህ አላነሳቸውም። እነሱን ካነሳሁ የጀመርኩትን አልጨርስም።

ውሃው ከጎደለ በኋላ መሥሪያ ቤታችን የመልሶ ማቋቋም ክፍል አቋቋመ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና እኔ ነበርን። አለቃችን መልካም ሰው ነበሩ፤ ከእግዜር ቀጥሎ የሚፈሩት የማኅተም ወረቀት ነው። መጀመሪያ ቀን አስጠሩኝና ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣

«ጓዲት፣ ጎርፉን የትኛው የሂሳብ መደብ ላይ ነው የምናስገባው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጎርፍ የሚባል መደብ የለም። አምና አልነበረማ።

«ውሃና መብራት ላይ ብናስገባውስ?» አልኩ። እኔ ቀልዴን ነው፤ እሳቸው ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጥቂት አሰቡበት።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ቅጽ መጣልንና ተገላገልን። ቅጹ ሁለት ዓይነት ቤት ብቻ ያውቃል። አንዱ «በከፊል የተጎዳ» ነው፤ እሱ ከጥገና በጀት ይጠገናል። ሌላው «ሙሉ በሙሉ የፈረሰ» ነው፤ እሱ አዲስ ግንባታ ስለሆነ የካፒታል በጀትና አዲስ ቦታ ይጠብቃል። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን መዘገብን። ሁለተኛው መዝገብ ሞልቶ ተጨማሪ ወረቀት ተሰፋለት፤ የመጀመሪያው አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ደቻቱ በከፊል የሚባል ነገር አያውቅማ! የነካውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ገንዘቡ ደግሞ በተቃራኒው መጣ። የካፒታሉ «በጥናት ላይ ነው» ተባለ፤ ቦታው ሳቢያን ሰፈር ይሆናል የሚል ወሬ ብቻ ነበር። የጥገናው በሚያዝያ ሙሉ ለሙሉ ተለቀቀ። ሰኔ ሠላሳ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ እስከዚያ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ከሆነ ደግሞ «ሳትፈልጉት ነው የጠየቃችሁት» ተብሎ የሚቀጥለው ይቀነሳል። አለቃዬ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ከተማው ቤት የሌለው ሰው ሞልቶት፣ ሣጥናችን ገንዘብ ሞልቶት፣ በመሐላቸው አንድ ቃል ቆሞ ሲከለክል እኔም አንጀቴ እርር ይል ነበር። ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው፤ እናቴ «አንቺ ድስቱ ሳይጣድ የምትፈይ» ትለኝ ነበር።

ከመሥሪያ ቤታችን በር ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር፣ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሶማሌ ናት፤ እኛ ሁላችን ኤዶ ነው የምንላት፣ አክስቴ እንደማለት። የአባቶቼ ደገኛ ወግ አንቱ በያት ይል ነበር፤ ድሬ ላይ ግን አንቱ ያሉት ሰው «ምን በደልኩሽ?» ብሎ ይቀየማል። ስለዚህ አንቺ ነበር የምላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ደቻቱ ዳር የነበራት የድንጋይና የጭቃ ቤት በጎርፉ ሄዷል። ቤቱ ሲሄድ እሷ እናቷን አዝላ ወጣች። እናቷ እግራቸው ከተያዘ ዓመታት አልፏል፤ ከአልጋ የሚነሱት በሰው ጀርባ ብቻ ነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት ሁለቱም የተጎጂዎች ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነበሩ።

የድሬን ግንቦት በድንኳን ውስጥ ያላየ ሰው ምን ልንገረው? አንድ ቀን ከሥራ መልስ ልጠይቃቸው ገባሁ። ሸራው በእጅ አይነካም። እናቷ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ኤዶ እርጥብ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ታደርጋለች፣ ወዲያው ይደርቃል፣ ደግማ ታርሰዋለች። የማውቃቸው ወፍራም ሴት ነበሩ። እጃቸውን ስይዘው አጥንት ብቻ ያዝኩ። ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በማግሥቱ ሻይ ልጠጣ ስሄድ ኤዶ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ቤት ገንዘብ መጥቷል ይላሉ። ለሆዮ ጣሪያ አይሆንም? ሆዮ ጣሪያ ካላገኘች እዚያው ሸራ ውስጥ ነው የምትሞትብኝ። ወላሂ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም።» ሆዮ የምትለው እናቷን ነው።

እኔም ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ ዘረገፍኩት። «የመጣው ለጥገና ነው፣ ኤዶ። ለመጠገን የሚጠገን ነገር መኖር አለበት። ያንቺ ሙሉ በሙሉ ፈርሷል ተብሎ ተጽፏል። ምነው አንድ ግድግዳ እንኳ በቀረልሽ! ምነው በሩ እንኳ በቀረ! በር ቢኖር ‹ከፊል› ብዬ እጽፍልሽ ነበር።»

«በር?» አለች።

«በር!» አልኩ ተናድጄ።

«ሀዬ፣ እሺ» ብላ ሻዬን ቀዳችልኝ።

ሦስት ቀን ከዛፉ ሥር ጠፋች። በአራተኛው ቀን መጥታ፣ «ነይ እዪልኝ፤ በሩ ተገኝቷል» አለችኝ። አብሬያት ወደ ደቻቱ ወረድኩ። ቤቷ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ጎርፉ ጠርጎ ባስተካከለው ደረቅ መሬት መሐል፣ አንድ በር ቆሟል። በር ብቻ። ግራና ቀኙ አየር ነው። መቃኑን በድንጋይና በጭቃ አስተክላዋለች፣ ሳንቃው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፣ ቁልፍ ሳይቀር አለው። ከቀፊራ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች፣ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ነው የገዛችው። ለመሆኑ ጎርፍ በር ትቶ ቤት የሚወስድ የት አገር ነው? በመጀመሪያ ሳቅኩ። እስከ ቁጭ ማለት ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቁልፉን ከደረቷ አውጥታ ቆልፋው በእጇ ገፋ አድርጋ መያዙን አረጋገጠች።

ቢሮ ተመልሼ የኤዶን ስም ከሁለተኛው መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ ወደ መጀመሪያው አዛወርኩት፣ ከአጠገቡም ፈረምኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ከሁለተኛው መዝገብ የወጣ ሰው አዲስ ቦታ እንደማይደርሰው አውቃለሁ። አውቄ አልነገርኳትም። የካፒታሉ ገንዘብ እስከ ምጽአት አይመጣም ብዬ ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር በራሴ ብልጠት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ብዙ አያስብም።

የጥገና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ቤቶቹን አይቶ የሚያጸድቅ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ተላከ። ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ከባቡር ሲወርድ ጀምሮ በሙቀቱ ያኮረፈ ሰው ነበር። አለቃዬ፣ እሱና እኔ በላንድሮቨር ወረድን። ሌሎቹን ጥቂት ቤቶች አየንና ኤዶ ዘንድ ደረስን። ኤዶ ንጹሕ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆማ ትጠብቀናለች። በሩ ተቆልፏል።

ተቆጣጣሪው በሩን አየ። ከዚያ ከበሩ በግራ በኩል አለፍ ብሎ ኤዶን አየ። አለቃዬ መሐረባቸውን አወጡ።

«ቤቱ ይህ ነው?» አለ።

«ይህ ነው» አሉ አለቃዬ።

በሩን አንኳኳ። አፈር ስሆን፣ አንኳኳ! ለምን እንዳንኳኳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰው በር ፊት ሲቆም እጁ ራሱ የሚሠራው ነገር ይኖር ይሆናል። ኤዶም ከወዲያ ማዶ «ማን ነው?» አለች። ቁልፉ ሲዞር ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለችና ወደ ኋላዋ ፈቀቅ አለች። ተቆጣጣሪው በበሩ ገባ። አለቃዬ ጫማቸውን መሬቱ ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው ተከተሉ። እኔም በጎን ማለፍ ነውር መስሎኝ በበሩ ገባሁ። አሸዋው ላይ ሦስት በርጩማ ተደርድሯል፣ ሻይ ቀርቧል። ሰማይ ከላያችን፣ ማዶ አንድ ግመል ያላምጣል።

ተቆጣጣሪው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «ጥገና የሚያስፈልገው የቤቱ ክፍል?»

«ግድግዳው» አሉ አለቃዬ።

«ስንቱ?»

«አራቱም።»

«ሌላ?»

«ጣሪያው። ወለሉም ትንሽ ይነካካል።»

«በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኘው?»

አለቃዬ ወደ በሩ ዘወር አሉ። በስመ አብ፣ የት እንደምገባ ጠፋኝ! ሳቄን ልውጥ ስል ትን አለኝና ሻዩን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። ለካ እሱም የመጣው ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ነው፤ ተመላሽ ያበዛ ተቆጣጣሪ እሱም ይጠየቃል። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «በሩ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም፤ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ሳምቡሳ ደገመ። ሲወጣ በበሩ ወጣ፤ ቀስ ብሎም ከኋላው ዘጋው።

በሰኔ ግንበኞቹ ገቡ። በዓመት መዝጊያ የሚሠራ ቤት አይታችሁ ታውቁ እንደሁ እንጃ፤ ግድግዳው ከመሬት ቡፍ ብሎ ነው የሚወጣው። ድንጋዩ ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ከሰኔ ሠላሳ በፊት ደረሰኙ ተዘጋ። ኤዶ እናቷን አዝላ ስታስገባ እኔም ነበርኩ። ከመስኮቱ ሥር፣ ነፋሱ በሚያልፍበት በኩል አስተኛቻቸው። እናቷ ጣሪያውን እያዩ ለረጅም ጊዜ በሶማሌኛ ብቻቸውን አወሩ። «ምን እያሉ ነው?» አልኳት። «ጥላው ቀዝቃዛ ነው እያለች ነው፤ አንቺንም ትመርቅሻለች» አለችኝ። እሰይ! ከዚያን ቀን የበለጠ በሥራዬ የኮራሁበት ቀን የለም። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሰፈር ያላወራሁለት ሰው አልነበረም ብል አልዋሸሁም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በሐምሌ መጀመሪያ አለቃዬ ጠሩኝ። የካፒታል በጀቱ ጸድቋል። ሙሉ በሙሉ ለፈረሰባቸው ሁሉ ሳቢያን በኩል፣ ጎርፍ በማይደርስበት፣ አዲስ ቦታና ቤት ተፈቅዷል። «ዝርዝሩን በአስቸኳይ አጣርተሽ አምጪ» አሉኝ።

ዝርዝሩን አወጣሁ። ቀዩ መስመር እዚያው አለ። የእኔ ፊርማ ከአጠገቡ አለ። ጥገና ማለት ቤቱ በነበረበት ቦታ ማቆም ነው። እኔ ኤዶንና መራመድ የማይችሉ እናቷን፣ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ ከሳቢያን ደረቅ መሬት አንስቼ ውሃው መንገድ ላይ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ነሐሴ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው።

ያን ሳምንት እህል አልበላሁም። በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቤቱ ሙሉ በሙሉ የፈረሰ ነበር፤ በሩ ከገበያ ተገዝቶ የቆመ ነው፤ ይህን እያወቅሁ በከፊል ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ስሟ ወደ ቦታው ይመለስልኝ።» በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መፈረም ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፤ ሰው በሱ ገብቶ አይወጣም ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ነጠላዬንና የጥርስ ብሩሼን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው ወረቀቱን ያስገባሁት።

አለቃዬ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ጓዲት፣ ይህን መቀበል አልችልም» አሉ።

«ለምን?»

«ሐሰት ነዋ። በሩ ጉዳት እንዳልደረሰበት የመንግሥት ተቆጣጣሪ በዓይኑ አይቶ ጽፏል፣ ማኅተም አርፎበታል። አንቺ ደግሞ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘሽ በር አልነበረም ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

«ጓድ ኃላፊ፣ እርስዎም እኮ ነበሩ! ጫማዎን ሁሉ ጠርገዋል!»

«ቤት ባይሆን ጫማዬን እጠርግ ነበር?» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቅደጂው። አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ እሷም ቤቱን ትቀማለች» አሉኝ። በሩን ዘግተውት ነበር። ቀደድኩት።

ለኤዶ መንገር አቃተኝ። በምትኩ ከሥራ መልስ በየቀኑ እሷ ዘንድ እየወረድኩ፣ ከደጅ ተቀምጬ ወደ ደንገጎ አያለሁ። ደመና ጠቆር ካለ «ኤዶ፣ እንውጣ!» እላለሁ። ሁለት ጊዜ እናቷን በቃሬዛ አስወጥቼ ጠብታ ሳይመጣ ቀረ። «አቦ፣ ተይን እንጂ! ሴትዮዋን በእንቅልፏ ምነው?» ትለኛለች። የሰፈሩ ሰው እኔን ሲያይ ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ።

እናቷ በነሐሴ መግቢያ፣ አንድ ጠዋት፣ እመስኮቱ ሥር እንደተኙ አረፉ። ውሃ አልነካቸውም፤ ዕድሜ ነው። በዚያው ቀን ተቀበሩ። ለቅሶ ተቀምጠን ሳምንት እንዳለፈ ደቻቱ መጣ። የዚያን ዓመቱ እንደ አምናው የከፋ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ቀድሞ ወጥቷል፣ ማንም አልሞተም። የኤዶን ቤት ግን ወሰደው፤ ቆርቆሮውንም ሁሉንም።

ለሳቢያን አመለከትኩላት። «አንድ ጊዜ የተጠቀመ ዳግም አይጠቀምም» የሚል መልስ መጣ፤ የተጻፈበት መኪና የእኔ ነበር፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ኤዶ ወንድሟ ዘንድ፣ ከሰባት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባች። ሰዎቹ ሁሉ ሳቢያን አዲስ ቤታቸውን ሲረከቡ እሷ ዛፉ ሥር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን መዝገብ፣ ቀዩን መስመር፣ ማወቄን፣ ዝም ማለቴን። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት። ትስደበኝ ብዬ ጠበቅሁ።

ሳምቡሳውን ገለበጠች።

«አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በሩን ሳልገዛ ነው ዘበኛችሁን የጠየቅሁት። ‹በር ካቆምሽ ቤቱን አሁን ታገኛለሽ፣ ሳቢያንን ታጫለሽ፤ ከጠበቅሽ ከክረምት በፊት አይሰጡሽም› አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሳቢያን ለእኔ ነው፤ ለሆዮ ግን አይደርስም።»

ስንት ወር ሙሉ ብልጧም እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ ነበርኩ፤ ለካ ሁለቱንም አልነበርኩም።

«ሆዮ እኔን አዝላ ነው ያሳደገችኝ» አለች። «እንደ ሰው በጣሪያ ሥር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሞተች። እኔ ምን ከሰርኩ?»

ከዚያ ግን እጇ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ስትናገር ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነበር።

«ሁለት ወር አልተኛችበትም» አለችኝ። «ሁለት ወር እንኳ። እኔ እኮ እስከ ረመዳን ትደርሳለች ብዬ ነበር።»